ከዚህ ወቅት ጀምሮ በአምስተርዳም ቦዮች ላይ ስለምናደርገው የጀልባ ጉዞ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በትንሿ ጀልባችን በአምስተርዳም ቦዮች ላይ በምናደርገው የግል ጉዞ አሠራር ላይ ያደረግነውን አንድ ለውጥ ከነምክንያቱ ለማስረዳት ነው። እስካሁን ቀጠሮ ስትይዙ የምናልፍበትን መስመር ቦይ በቦይ ዘርዝረን በጽሑፍ እንልክላችሁ ነበር። ከእንግዲህ በቅድሚያ የምናረጋግጥላችሁ የመሳፈሪያውን ቦታ፣ የመነሻውን ሰዓትና የጉዞውን ርዝመት ሲሆን፣ የትኛውን ቦይ አስቀድመን የትኛውን አስከትለን እንደምናልፍ የሚወስነው በዕለቱ ጀልባውን የሚነዳው ካፒቴን ይሆናል። ለውጡን የሰሙ አንዳንድ ደንበኞቻችን፣ መስመሩ ሳይታወቅ የምንከፍለው ለምን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሙሉ መልስም ይገባዋል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከከተማዋ አሠራር ነው። አምስተርዳም የተቆረቆረችው በረግረግ መሬት ላይ በመሆኑ፣ አሮጌዎቹ ቤቶቿ፣ ድልድዮቿና የቦይ ዳር ግንቦቿ የቆሙት ለስላሳውን አፈር አልፈው ጠንካራ አሸዋ እስኪያገኙ ድረስ ወደ ታች በተመቱ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው፤ በዳም አደባባይ የሚገኘው ቤተ መንግሥት ብቻውን 13,659 ምሰሶዎች እንደተተከሉለት ይነገራል። እንጨት ዘወትር በውኃ ተሸፍኖ አየር ካልደረሰበት ብዙ መቶ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ውኃው ጎድሎ ጫፉ ከተጋለጠ ግን መበስበስ ይጀምራል። የመሃል ከተማዋ ቦዮች የውኃ ከፍታ ኤን ኤ ፒ ከተባለው የአገሪቱ ከፍታዎች ሁሉ ከሚለኩበት መነሻ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ክረምት ከበጋ ሳይዋዥቅ እንዲቆይ በብርቱ የሚጠበቀውም በከፊል ለዚህ ነው። ውኃው ሲጠበቅ ኖሯል፤ ያልተጠበቀው ከላይ የመጣው ሸክም ነው። ግንቦቹ ሲሠሩ የታሰበላቸው የፈረስ ጋሪ ሲሆን፣ ዛሬ በላያቸው የሚያልፈው የጭነት መኪና ነው። ሴፕቴምበር 2020 ግሪምቡርክዋል በተባለው ቦይ ዳር ያለው ግንብ ተደርምሶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰው ባይጎዳም፣ የችግሩን ስፋት ሁሉም አየው። የከተማው አስተዳደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የቦይ ዳር ግንብና ከ800 የሚበልጡ ድልድዮችን የመመርመርና የማደስ ሥራ ይዟል፤ ይህም የብዙ ዓመታት ሥራ ነው።

በውኃው ላይ ለምንሠራ ሰዎች የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። የደከመ ግንብ እንዳይደረመስ በቦዩ ውስጥ የብረት ግድግዳ ይተከልለታል፤ በዚህም የጀልባው መተላለፊያ ይጠባል። አንዳንዱ ቦይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኬድበት ይደረጋል፣ አንዳንዱ ለወራት ይዘጋል፣ እሱ ሲከፈት ደግሞ ሌላው ተራውን ይይዛል። ከሁለት ወር በፊት ተዘርዝሮ የተላከ መስመር በጉዞው ዕለት የማይሠራበት ጊዜ እየበዛ ነው። በዚህ ላይ ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፕሪንሰንግራኽት የተባለው ቦይ በኪራይ ጀልባዎች ስለሚጨናነቅ፣ ጉዞው ከመዝናናት ይልቅ ወረፋ ወደ መጠበቅ ይቀየራል። በአምስቴል ወንዝ ላይ ብርቱ ነፋስ ካለ ደግሞ አረጋውያንንና ሕፃናትን ይዞ በዚያ በኩል መዞር አግባብ አይደለም። ይህን ሁሉ በዕለቱ አይቶ የሚመዝነው ሰው መሪውን የጨበጠው ካፒቴን ነው። በተለይ ጀልባችን ትንሽና ክፍት መሆኗ የሚጠቅማችሁ ካፒቴኑ የመምረጥ ነፃነት ሲኖረው ነው ብለን እናምናለን፤ ትልልቆቹ ባለ መስታወት ጀልባዎች የማይደፍሯቸውን እንደ ብሉምግራኽት እና ኤኸላንቲርስግራኽት ያሉ የዮርዳን ሰፈር ጠባብ ቦዮች እኛ ቀስ ብለን እንገባባቸዋለን፤ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ግን በዚያ በኩል ስናልፍ ሁላችሁም እንድትቀመጡ እንጠይቃለን። ከማዕከላዊው የባቡር ጣቢያ ጀርባ ወዳለው፣ «አይ» ወደሚባለው ሰፊ ውኃ ግን በምንም ሁኔታ አንወጣም። የጭነት መርከቦችና የማመላለሻ ጀልባዎች የሚያስነሱት ማዕበል ለእኛ መጠን የሚሆን አይደለም።

መስመሩ ይለዋወጥ እንጂ ጉዞው የሚያርፍበት ቦታ አይለዋወጥም። በ1613 መቆፈር የጀመሩትና በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የቦይ ቀለበቶች፣ ማለትም ሄረንግራኽት፣ ኬይዘርስግራኽትና ፕሪንሰንግራኽት፣ የጉዟችን እምብርት ሆነው ይቀጥላሉ። የመንገድ መዘጋት ካልከለከለን በስተቀር ከሄረንግራኽት ጥግ ላይ ሆናችሁ በሬኩሊርስግራኽት ላይ የተደረደሩትን ሰባት ድልድዮች እንድታዩ ጀልባዋን እናቆማለን። አን ፍራንክ ከቤተሰቧ ጋር ከ1942 እስከ 1944 የተደበቀችበትን፣ በፕሪንሰንግራኽት ቁጥር 263 የሚገኘውን ቤት ስናልፍ ፍጥነታችንን እንቀንሳለን፤ ከዚያው አጠገብ ያለው ቬስተርኬርክ ሠዓሊው ሬምብራንት በ1669 የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙ ልጆች ቤቶቹ ለምን ወደ ፊት ያዘነበሉ እንደሚመስሉ ይጠይቁናል። ብዙዎቹ ሆን ተብለው እንደዚያ የተሠሩ ናቸው፤ ደረጃዎቻቸው ጠባብ በመሆናቸው ዕቃ የሚገባው ከጣሪያው ጫፍ ወጥቶ በሚታየው ምሰሶና መንጠቆ በገመድ ተስቦ በመስኮት ሲሆን፣ ግድግዳው ወደ ፊት ማዘንበሉ የሚሳበው ዕቃ መስኮቶቹን እንዳይመታ ይረዳል።

ከሁሉ በላይ ግን እንድታዩልን የምንፈልጋቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱም የሚመለከቱን ስለሆኑ ጊዜ ወስደን እናስረዳባቸዋለን። የመጀመሪያው በኒውወ ሄረንግራኽት ዳር ያለው በ1638 የተመሠረተው የዕፅዋት አትክልት ስፍራ፣ ሆርቱስ ነው። መነሻው የኢትዮጵያ ደን የሆነው የቡና ተክል በየመን በኩል አልፎ በደች ነጋዴዎች እጅ ጃቫ ደሴት ከደረሰ በኋላ፣ ከዚያ አንድ ችግኝ በ1706 ወደዚህ ስፍራ መጣ። የእሱ ዘር የሆነ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ተላከ፤ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ከተስፋፋው ቡና ውስጥ ትልቁ ክፍል ዘሩ የሚቆጠረው ከእነዚህ ጥቂት ተክሎች ነው። ሁለተኛው በሄረንግራኽት ቁጥር 502 ያለውና ዛሬ የከተማዋ ከንቲባ ይፋዊ መኖሪያ የሆነው ቤት ነው። በ1672 ገደማ ያሠራው ፓውሉስ ኾዲን በባሪያ ንግድ የተሰማራው የምዕራብ ህንድ ኩባንያ ኃላፊዎች አንዱ ነበር፤ በቤቱ ፊት ለፊት ይህንኑ የሚያስታውስ ድንጋይ ተቀምጧል። እነዚህን ሁለት ቦታዎች አያይዘን የምናሳያችሁ ታሪካቸው ስለሚያያዝ ነው፤ ደቾች ቡናን በሱሪናም ሲተክሉ ያለሙት ከአፍሪካ በግዞት የተወሰዱ ሰዎች ነበሩና። ከንቲባ ፌምከ ሃልሰማ በከተማዋ ስም በጁላይ 1 ቀን 2021፣ ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር ደግሞ በጁላይ 1 ቀን 2023 እዚሁ አምስተርዳም ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድ ይፋዊ ይቅርታ ጠይቀዋል። ልጆቻችሁ ይህን በአማርኛ፣ ቦታውን በዓይናቸው እያዩ ቢሰሙት ትልቅ ዋጋ አለው ብለን እናምናለን፤ ካፒቴኖቻችንም ለዚህ ክፍል የሚያደርጉት ዝግጅት ከሌላው ሁሉ የበለጠ ነው።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር እናስታውቅ። በአብዛኞቹ የመሃል ከተማ ቦዮች የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህ ፈጠን ካለ የእግር ጉዞ እምብዛም አይበልጥም። ጀልባችን የምትሄደው በባትሪ ነው። ከተማዋም ከ2025 ጀምሮ በመሃል ከተማ ቦዮች ላይ ጭስ የማያወጡ ጀልባዎች እንዲሠሩ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች። የሞተር ድምፅና ሽታ ባለመኖሩ አያት ከልጅ ልጇ ጋር ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ማውራት ትችላለች፤ ይህንን ያየነው ደግመን ደጋግመን ስለሆነ በሙሉ ልብ እንናገረዋለን።

ብዙዎቻችሁ ጀልባዋን የምትከራዩት ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ ማግስት ወይም ከኢትዮጵያ ለመጡ ወላጆች በመሆኑ ስለ ቡናና ስለ ምግብ አዘውትራችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጀበናውን፣ ስኒዎቹንና ረከቦቱን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፤ ከሰል ማቀጣጠል፣ ዕጣን ማጨስና ጋዝ መለኮስ ግን በፍጹም አይቻልም። እነዚህ ነገሮች የሚቀመጡት ከባትሪው በላይ ነው፤ ነፋሱም ፍም የሚያነሳ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፍም ቢደፋ መሸሻ የለም። ስለዚህ ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ፤ ለቄጤማውና ለፈንዲሻው ክልከላ የለንም፣ ከወረዳችሁ በኋላ ወለሉን የምንጠርገው እኛ ነን። ለምግብ ከትሪ ይልቅ አስቀድሞ የተጠቀለለ እንጀራ ይመረጣል፤ ጀልባዋ ከሌላ ጀልባ ማዕበል ጋር ስትገናኝ ወጥ ያለበት ትሪ አይረጋም። የቀረ ምግብም ሆነ ሶፍት ወደ ውኃው እንዳይጣል አደራ እንላለን፤ በቦዮቹ ላይ ጎጆ የሚሠሩት የውኃ ወፎች ከሣርና ከቅጠል ይልቅ ፕላስቲክ እየሰበሰቡ መሥራት መልመዳቸውን እግረ መንገዳችሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ድምፅ ማጉያ በጀልባዋ ላይ አንፈቅድም። በሁለቱም ዳር ሰው ይኖራል፤ በከተማዋ ቦዮች ላይ ቁጥራቸው ወደ 2,500 የሚጠጋ የጀልባ ቤቶች ስላሉ፣ ከመስኮታቸው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የምናልፍበት ጊዜ አለ። በአንደበት መዘመር፣ ማጨብጨብና ክራር መጫወት ይቻላል። ከበሮ ከፈለጋችሁ በሰፊው አምስቴል ላይ፣ ማኸረ ብሩኽ የተባለው የእንጨት ተነሺ ድልድይ አካባቢ ስንደርስ፣ ያውም ቀን ብቻ ይሁን።

ጀልባዋ ከ12 መንገደኛ በላይ አትጭንም፤ በጭን የሚታቀፍ ሕፃንም ከቁጥሩ ይገባል። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሕይወት አድን ጃኬት እኛ እናቀርባለን፤ ማውለቅም አይፈቀድም። በጀልባዋ ላይ መጸዳጃ ስለሌለ ከመሳፈራችሁ በፊት አስቡበት። መራመድ ለሚከብዳቸው አረጋውያን የመሳፈሪያው ከፍታ አስቸጋሪ እንዳይሆን ቀደም ብላችሁ ብትነግሩን ዝቅ ካለ ቦታ ላይ እናሳፍራለን። ዝናብ ጉዞውን አያስቀርም፤ መጠለያ ሸራና ብርድ ልብስ አለን። ብርቱ ነፋስ ወይም መብረቅ ካለ ግን ካፒቴኑ ጉዞውን ይሰርዛል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቀን መምረጥ ወይም ገንዘባችሁን በሙሉ መውሰድ የእናንተ ምርጫ ነው።

በኤፕሪል 27 የሚከበረው የንጉሡ ቀን እና በኦገስት የመጀመሪያ ቅዳሜ የሚደረገው የጀልባ ሰልፍ ቦዮቹን ስለሚሞሉ በእነዚህ ቀናት አንሠራም። ፋሲካ ከኤፕሪል መጨረሻ ጋር በሚገጥምባቸው ዓመታት ይህን አስባችሁ ቀን ብትመርጡ መልካም ነው። ምክራችንን ለምትጠይቁን ግን በመስከረም ወር፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ የሚደረገውን ጉዞ እናስቀድማለን፤ ጎብኚው ቀንሶ፣ ብርሃኑም በጡብ ግድግዳዎቹ ላይ ለስልሶ የሚገኝበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ተጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። የምትከፍሉት ለሁለት ሙሉ ሰዓታት፣ ለብቻችሁ ለተያዘች ጀልባ እና ከተማዋን አውቆ በአማርኛ ለሚያስረዳችሁ ካፒቴን ነው። ክፍያው በሰው ሳይሆን በጀልባ መሆኑም ሆነ መጠኑ አልተለወጠም። በተጨማሪም ቀጠሮ ስትይዙ የግድ ማየት የምትፈልጉትን አንድ ቦታ እንድትነግሩን እንጠይቃለን፤ እሱን በማረጋገጫው ላይ በጽሑፍ እናሰፍረዋለን። ቦታው በጥገና ምክንያት የማይደረስበት ከሆነ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ደውለን እናሳውቃችኋለን፤ ያን ጊዜ ቀኑን ማዘዋወር ወይም የከፈላችሁትን ቀብድ ሳይቀነስ መውሰድ ትችላላችሁ። ከዚህ ደብዳቤ በፊት ቀጠሮ የያዛችሁ ደንበኞቻችንም የመረጣችሁትን ቦታ በምትጠቀሙበት የቀጠሮ ቁጥር ልካችሁልን በአዲሱ አሠራር እንድትስተናገዱ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ አስተዳደርና ካፒቴኖች
አምስተርዳም