ቀለም መቀባት እድሳት አይደለም

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ምኖረው ኮምቦልቻ ነው ስራዬ ብየዳ ነው። ስለ አሮጌ ሮለር ኮስተር (በሀዲድ ላይ እየወጣ እየወረደ በፍጥነት ሚሄደው መጫወቻ) እድሳት ያወጣችሁትን ፅሁፍ አብረውኝ እሚሰሩት ልጆች አንብበው "ለአንድ መጫወቻ አመት ሙሉ ምን ያደርጋል?" ሲሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እንግሊዝ አልተን ታወርስ መዝናኛ ፓርክ ያለው ኔመሲስ ሚባል ሮለር ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተ ነው፣ በ2022 ኖቬምበር ዘግተው ሀዲዱን አውልቀው በአዲስ ተክተው የከፈቱት በ2024 ማርች ነው፣ አስራ ስድስት ወር ገደማ። አሜሪካ ያለው ቴክሳስ ጃይንት ሚባለው ሮለር ኮስተር ደሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 መጨረሻ እስከ 2011 ኤፕሪል ቆሟል፣ የእንጨት ሀዲዱን በብረት ቀይረውት ነው።

ለኔ ይሄ ብዙ አይደለም። ብረት አብዛኛውን ግዜ ድንገት አይሰበርም እኮ፣ ሲጫንና ሲለቀቅ ሲጫንና ሲለቀቅ ውስጥ ውስጡን ይደክማል፣ ስንጥቁም ብዙ ግዜ እሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው፣ ቀለም ከለበሰ ደሞ በአይን አይታይም። ስለዚ ቀለሙን ልጠው ብረቱን በማግኔት ይዘው የብረት ብናኝ ይበትኑበታል፣ ብናኙ ስንጥቁ ላይ ሲሰበሰብ ያኔ ይታያል። ጎማዎቹም ከላይ ብቻ አይደለም ሚሄዱት፣ ከጎንም ከስርም ሀዲዱን አቅፈው ነው፣ የሁሉም ኩሽኔት ይፈታል። ሳይፈታ በፊት ይሄን ያህል ቀን ይፈጃል ብሎ በእርግጠኝነት እሚናገር ባለሙያ እኔ አላምነውም።

እንዲ ያንገበገበኝ ለምን መሰላችሁ፣ አምና ልጄን ይዤ ደሴ አንድ መዝናኛ ቦታ ሄድን፣ ስሙ ይቅር፣ እየተሽከረከረ ልጆች ሚያዞር ወንበር አለ፣ "ታድሷል" ተብሎ ቀይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ እግሩን ሳይ ቀለሙ የተቀባው ዝገቱ ላይ ነው፣ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቅርፊት ሆኖ ተነሳ፣ ወንበሩን የያዘው ብየዳ ላይ ደሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ወዲያው አወረድኳት። አለቀሰችብኝ፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እስክንገባ አላናገረችኝም። ሰራተኛውን ስጠይቀው "ጋሼ ለበአል እንዲደርስ በሁለት ቀን ነው የጨረስነው" አለኝ፣ ልጁ ጥፋት የለበትም የታዘዘውን ነው የሰራው፣ እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም የሰው ልጆች እዛ ላይ ተቀምጠው ነው የተውኳቸው።

ስለዚ እባካችሁ እኛም ጋ መጫወቻ ታደሰ ሲባል መቼ ይከፈታል ብቻ አትበሉ፣ ምኑ ተፈታ፣ ብየዳውን ማን አየው፣ የትኛው ኩሽኔት ተቀየረ ብላችሁ ጠይቁልን። ሚያይ ሰው ከጠፋ እኔ እሁድ እሁድ ስራ የለኝም፣ ደሴም ቢሆን በራሴ ትራንስፖርት መጥቼ በነፃ አያለሁ።

በያጁ፣ ከኮምቦልቻ