በቀቀን ወደ ቤት ለምታስገቡ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከ3 ሳምንት በፊት አንዲት ግራጫ በቀቀን ቤታችን ገባች። ልጆቼ ገና ከበሩ «ተናገሪ! ተናገሪ!» እያሉ ከበቧት። እሷ ግን የሽቦ ቤቷ ጥግ ላይ ተለጥፋ፣ ላባዋን አጣብቃ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየን ነበር። ፍርሃት መሆኑ ዘግይቶ ሲገባኝ አንጀቴን በላችው።

ከዚያ የሽቦ ቤቷን ከግድግዳ አስጠጋነው፤ በየሌሊቱ ለ10 ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል በጨለማና በጸጥታ እንድትተኛም አደረግን። እኔም በየቀኑ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጋዜጣችሁን ለስለስ ባለ ድምፅ አነብላት ጀመር። በ9ኛው ቀን አንገቷን ዘርግታ አንዲት የሱፍ ፍሬ ከጣቴ ወሰደች። ቅርፊቷን በምላሷ እያገላበጠች ስትልጥ ትንፋሼን ይዤ አየኋት።

አንባቢዎች እንዲያውቁልኝ አጥብቄ የምፈልገው ግን የወጥ ቤቱን ነገር ነው። የቴፍሎን መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ በቀቀንን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። አቮካዶና ቸኮሌትም ለበቀቀን መርዝ ናቸው። እኛ መጥበሻችንን ከቤት አስወጥተናል።

ደግሞም ግራጫ በቀቀን 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ከእናንተ በኋላ ማን እንደሚይዘው ሳትነጋገሩ አታምጡ። እኛ ቤት ትልቋ ልጄ «እኔ አለሁላት» ብላለች።

የዘወትር አንባቢያችሁ