ፎቶ ከመላካችሁ በፊት፦ ስለ 1902ቱ ፔኒ

ሰላም ወዳጆች፣

«ይቺ የ1902 ፔኒ ሎው ታይድ ናት ወይ?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። «ሎው ታይድ» (ዝቅ ያለ ባሕር) የሚባለው፣ የባሕሩ መስመር ዝቅ ብሎ የተቀረጸበት ተፈላጊ የብሪታንያ ፔኒ ሳንቲም ነው። ደስ ይላል፤ ግን በደበዘዘ ፎቶ ማንም አይለየውም። ሳንቲሙን ገልብጡና ከብሪታኒያ (ከተቀመጠችው ሴት ምስል) ኋላ ያለውን የባሕር መስመር ተከተሉ። መስመሩ እግሮቿ ከሚቆላለፉበት ቦታ ጋር እኩል ከሆነ የተለመደው ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ ግን እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። ዓመቱ ያው፣ ንጉሡም ያው ኤድዋርድ 7ኛ። የተለየው ሳንቲሙ የተመታበት ዳይ (ምስሉን የሚያትመው የብረት ቅርጽ) ብቻ ነው።

የ1895ቱን ፔኒ ለመለየት ማስመሪያ ያስፈልጋል። በባለ ሦስት ጣቱ ጦርና «ፔኒ» (PENNY) በሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። 1 ሚሊ ሜትር ብዙ አለ፤ 2 ሚሊ ሜትር ብርቅ ነው። ሻጮች አንዳንዴ በዓይን ግምት «ባለ 2 ነው» ይላሉ፤ አትመኗቸው።

የ1860ው ይቀላል። ጠርዙን እዩ፦ ነጠብጣብ ነው ወይስ ጥርስ? ሁለቱም በዚያው ዓመት ወጥተዋል፤ ነጠብጣቡ ይቀድማል።

አደራ፣ ሳንቲሙን እንዳትፈገፍጉት! መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ፣ ቀረብ ብላችሁ አንሱና ላኩልን።