ጨፌው ላይ የተውነው መንገድ

ደሴ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደሴም ደህና ናት። ብርዱ ገብቷል፤ የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉሙን ተከናንቦ ነው የሚያረፍደው።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ «እንደምን ከርመሃል» ማለቱ ለእኔም ከብዶኛል። ስለዚህ የከበደኝን ላስቀድም። አባትህ፣ አባባ፣ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ለሕክምና አዲስ አበባ እንደወሰድካቸው አውቅ ነበር። ከዚያ ጥቅምት 2014 መጣ፤ ደሴ የሆነችውን ሆነች፤ ስልኩም መንገዱም ተቆረጠ። ማረፋቸውን የሰማሁት መስመር ሲመለስ ነው፣ አርባቸው ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ያን ጊዜ እንኳ ተነስቼ መምጣት እችል ነበር። ለሙት ዓመታቸው እደርሳለሁ አልኩ፤ እሱም አለፈኝ። ሁለት ጊዜ ደውለህ አላነሳሁም፤ ባነሳ ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ነው። እንደ ልጃቸው ያዩኝ ሰው አርፈው እርሜን ሳላወጣ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ቅዳሜ የሰማሁት ነገር ነው። አርዲቦ ሐይቅ አካባቢ፣ ጨፌው ላይ ነበርኩ። አዎ፣ ያው ጨፌ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገርህ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ያለን ሰዎች ተሰባስበን ክበብ ካቋቋምን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ፒካፕ፣ አንድ ሁለት ላንድሮቨርም አለን። መንገዱ ሰላም ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን፤ አንዳንዴ ወደ ኩታበር፣ አንዳንዴ ወደ ማይባር፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐይቅ። ዳገት መውጣት፣ ወንዝ መሻገር፣ ጭቃ የያዘውን ጓደኛ ጎትቶ ማውጣት፤ ደስታውን ለአንተ አልተርክልህም። ታዲያ በየሄድንበት የምናየው ቆሻሻ እየከነከነን መጣ። ይበልጥ የከነከነን ደግሞ ከመኪና የወጣው ነው። የዘይት ጣሳ፣ ፊልትሮ፣ የተቀደደ ካላማዳሪ፣ ያረጀ ባትሪ። ይህን እረኛ አልጣለውም። የጣልነው እኛና መሰሎቻችን ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ቀን ለመንገዱ እንስጥ ተባለ። ቀኑን ያገኘነው ከኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ሰዉን ከፈጀው ወዲህ ኅዳር 12 ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን የሚያጤስበት ቀን አይደል? ዘንድሮ ዓርብ ዋለ። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ ሚካኤልም ነው፤ እሑድ ቅዳሴ አለ። ማንም እንዳይጎድልብን ቅዳሜ ኅዳር 13ን ያዝን። ማቃጠሉን ግን ተውነው። የአያቶቻችን ቆሻሻ ገለባና ቅጠል ነበር፤ የእኛው ጎማና ፕላስቲክ ነው፣ ጭሱ ራሱ በሽታ ያመጣል።

ገና ሳይነጋ ተነሳን። ዘጠኝ መኪና፣ አርባ ያህል ሰው። እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወደ አርዲቦ በሚወጣው ጥርጊያ ስንገባ ሁላችንም ወርደን የጎማ ንፋስ ቀነስን። ጎማ ሲለሰልስ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ ባለበት አይሽከረከርም። ሣር የሚነቅለው ከመኪናው ክብደት ይልቅ ባለበት የሚሽከረከረው ጎማ ነው። ይህን ያኔ የነገረን ሰው አልነበረም ልል ነበር፤ አባባ ነግረውን ነበር።

ይህን መንገድ ለምን አስቀደማችሁ ብትለኝ፣ በሎጎ ሐይቅ ምክንያት ነው። አርዲቦ ከላይ ነው፤ ሲሞላ ውሃው ወደ ሎጎ ይወርዳል። ሎጎ ግን መውጫ የለውም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ የገባበት አፈርም ሆነ ዘይት እዚያው ይቀራል። ድሮ ደሴት የነበረው የእስጢፋኖስ ገዳም እንኳ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። አንተና እኔ ቆሮሶ የበላንበት ሐይቅ ነው። ከላይ ያለው መንገድ ላይ የተጣለ ሁሉ ክረምት ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ጠዋቱን ለቀማ ላይ ዋልን። ጆንያ ይዘን በሁለት ረድፍ፣ ግራና ቀኝ። የውሃ ፕላስቲኩና ፌስታሉ ብዛቱ አይነገርም። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ አምና ወጥቷል፤ በየእሾሁ ላይ የተንጠለጠለውን ለመልቀም ግን ሰው መጎንበስ አለበት። መሻገሪያው ላይ ሾፌሮች መኪና የሚያጥቡበትና ዘይት የሚቀይሩበት ቦታ አለ፤ ድንጋዩ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። አንድ ልጅ ድንጋይ ገልብጦ በጣቱ ነካ፤ ሥሩ ያለው አሸዋ እንደ ቅባት ተያያዘ። ያን አካባቢ በአካፋ ዝቀን በበርሜል ጫንነው። ዘጠኝ አሮጌ ጎማ አገኘን፤ አንዱ ከወንዙ ዳር ግማሹ ተቀብሮ ስለነበር መኪና ላይ በተገጠመ መጎተቻ፣ በዊንች ነው የወጣው። ጎማዎቹን በረባሶ ሠሪዎች ወሰዱልን፤ ፕላስቲኩንና ብረቱን ቆራሌው።

ቀለሃም ለቅመናል፤ እፍኝ እፍኝ። ልጆቹ ሲለቅሙ ማንም አልተናገረም። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ያልፈነዳ የሚመስል ነገር ሣር ውስጥ ታየ። ማንም እንዳይጠጋ አድርገን፣ ዙሪያውን ራቅ ብለን በድንጋይ ምልክት አቁመን፣ ለሚመለከታቸው አስታወቅን፤ በዚያ በኩል ያለውን ለቀማም አቆምን። ከዚያች ሰዓት በኋላ ዐይናችን ሁሉ መሬት ላይ ነበር።

እረፍት ላይ ሳለን አንድ ሸኽ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። የያዝነውን ጆንያ ከፍተው አዩና አንድ ጥቁር ፌስታል መዝዘው በሁለት እጃቸው ወጠሩት። አምና አንዲት ላም ሞታባቸው ኖሯል። አልታለበችም፣ አላገሳችም፣ ሆዷ ተነፍቶ ሦስት ቀን ቆማ ወደቀች። ሲከፍቷት ከጨጓራዋ ያወጡት እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል ነው፤ «ሁለት ሆነን ነው ስበን የጨረስነው» አሉ፣ እያወጡ ያሉ ይመስል እጃቸውን ወደ ደረታቸው እየጎተቱ። ፌስታሉ ውስጥ ጨው የቀረበት ሆኖ ነው የምትልሰው። ይህን ስሰማ በመስኮት የወረወርኩት ሁሉ አንድ በአንድ ታወሰኝ።

ከምሳ በኋላ ወደ ጨፌው ወጣን።

ወንድሜ፣ ጨፌው የለም ማለት ይቀላል። ነሐሴ 1999 ትዝ ይልሃል፤ ትምህርት ተዘግቶ፣ በአባባ አረንጓዴ ላንድሮቨር። ጥርጊያው ጭቃ ሆኖ ነበርና በሣሩ እናቋርጥ አልን። መሃል ላይ ስንደርስ ሰጠመች። አንተ ፎርዊል አስገብተህ ነዳጁን ስትረግጥ፣ እኔ ከኋላ ስገፋ፣ ሣሩ እየተገሸለጠ ፊቴ ላይ ይበተን ነበር። ስንወጣ ሁለት ጥቁር መስመር ትተን ሄድን፤ እየሳቅን። አባባ ጎማው ላይ የተጠመጠመውን ሣር አይተው ያሉን ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «እርጥብ ሣር ላይ የተነዳ ጎማ ቁስል ነው። ቁስሉን ውሃ ያገኘዋል።»

አገኘው። እኛ በሄድንበት ሌላው ተከተለ፤ ፒካፑም አይሱዙውም። ጎማ የደፈጠጠው መሬት ውሃ አይመጥም፤ ያልመጠጠው ውሃ ደግሞ የጎማውን ፈለግ ይዞ ይወርዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ መጀመሪያ ስንዝር፣ ቀጥሎ ክንድ። ዛሬ ቦረቦሩ እኔን ቆሜ ይውጠኛል። ጫፉን በእርምጃ ለካሁት፣ ስምንት ሆነ። ግድግዳው ላይ የሣሩ ሥር እንደ ፀጉር ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ በታች ያ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ በታች ቀይ፣ ከዚያ ዐለት። ጫፉ ላይ ቆሜ ስንት ክረምት እንደሆነ ስቆጥር ጉልበቴ ከዳኝ።

ከእኛ ጋር የወረዳው የግብርና ባለሙያ አለች፤ ቀጠን ያለች ልጅ፣ ድምፅዋ ግን ሰው ያዛል። አንዳንዶቻችን ጎማውን ቦረቦሩ ውስጥ እንክተተው ስንል አልሰማችንም። ጎርፉን የሚገታው ክትር በድንጋይ ነው አለች። መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ሁለቱ ጫፎች ግድግዳው ውስጥ ገብተው፣ መሃሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ካላለ ውሃው ጎን ለጎን ገብቶ ግድግዳውን ይበላል። የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እንዲተካከል አድርጋ ቦታውን በካስማ ለየችልን። ማይባር ላይ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጎርፍ የሚወስደውን አፈር ሲለኩ የኖሩበት ቦታ ትዝ ይልሃል፣ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፈናል፤ አንድም ቀን ቆመን ምን እንደሚለኩ አልጠየቅንም።

ትልልቁን ድንጋይ በዊንች አወረድነው። ካቦው ግንዱን እንዳይገዘግዘው ወይራው ላይ ሰፊ ቀበቶ አሰርንበት፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተቆረጠ ዛፉ ይደርቃል። የቀረውን እጅ ለእጅ እየተቀባበልን። የሰፈሩ ሰው አጨዳውን አቁሞ እንደ ደቦ ገባልን፤ ዘፈኑም መጣ። የጨፌውን መግቢያ በድንጋይና በእሾህ ዘጋነው። አንድ አባላችን መኪና የሚፈተንበትን ምርጥ ቦታ ለምን እንዘጋለን ብሎ ተከራከረ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እኛ በዚያ ዕድሜ ያልነውን ነው ያለው። እኔ ግን አጥብቄ ተቃወምኩት፤ ድምፄ ሳይከፋ አልቀረም። ዳገት በየቦታው ሞልቷል፣ ይህን ሣር ግን የሚመልስልን የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ቡና ላይ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ ሸኽዬ ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። «በአረንጓዴ ላንድሮቨር የምትመጡት ሁለት ልጆች፣ አንዱ አንተ ነህ አይደል?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «አባትየውስ እንዴት ነው?» አሉ። የእኔ ሳይሆኑ የጓደኛዬ አባት መሆናቸውን ነገርኳቸውና፣ እርሳቸው የት እንደሚያውቋቸው ጠየቅሁ።

ወንድሜ፣ አባባ በሳምንቱ ተመልሰው መጥተው ኖሯል። ብቻቸውን፤ ላንድሮቨሯን ጥርጊያው ላይ አቁመው፣ አካፋና ሁለት ጆንያ ተሸክመው። ሸኽዬ ቤት አድረው ሁለት ቀን የጎማውን ፈለግ አፈር ሲሞሉ፣ የተገሸለጠውን ሣር እየለቀሙ መልሰው ሲተክሉ ሰነበቱ። «ልጆቼ ናቸው፣ አታስቀይሟቸው» ብለው ሁለታችንንም ከሰፈሩ ሰው ጋር አስታርቀው ሄዱ። በዚያ ዓመት ሣሩ ይዞ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ነው ሌላ መኪና ገብቶ እንደገና የከፈተው። ለእኛ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አንተ ታውቅ ነበር? እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር።

ማረፋቸውን ስነግራቸው ሸኽዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ የተቀመጠው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እጁን ዘረጋ። ለአባባ ዱዓ ተደረገላቸው። እኔ እዚያ፣ በዚያ ቦረቦር አፋፍ ላይ፣ ከአራት ዓመት በኋላ አለቀስኩ። አንድ ሰው «አብሽር» እያለ ትከሻዬን ይዞኝ ነበር።

ከተለኩት ክትሮች ሦስቱን ብቻ ጨርሰን መሸብን። ለአፋፉ አፈር የሚይዝ ቬቲቨር ሣርና የሳስፓኒያ ችግኝ ይዘጋጅልናል፣ ተከላው ክረምት ነው። የቀሩትን ክትሮች ግን ረመዳን ሳይገባ፣ ቅዳሜ ጥር 16 ልንጨርስ ቀጠሮ ይዘናል። ማደሪያህ እኔ ቤት ነው፤ ልጆቹንም ብታመጣቸው የሸኽዬ በር ክፍት ነው፣ ልጁን አምጣልኝ ብለውኛል። ደግሞም ደውልልኝ፣ አነሳለሁ።

ላንድሮቨሯ ጎን ላይ ሁልጊዜ ታስራ የነበረችው አካፋ፣ እጀታዋ በሽቦ የተጠገነችው፣ እማማ ጋ ካለች ይዘሃት ና።

ያንተው ወንድምህ