ደረጃው መደገፊያ ሳይኖረው ተከራይ ለምን ይገባል?

ለዝግጅት ክፍላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ደብረ ብርሃን ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነው፤ ደስ ይላል። ግን ስንቱ ሕንፃ ሳያልቅ ነው ሰው የሚገባበት! እኛ ግቢ ያለውን ልንገራችሁ። ደረጃው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ፌሮው ከጎኑ ተገትሯል፣ እጅ የሚይዘው ነገር የለም፤ አከራያችን አንዲት ሲባጎ ወጥሮ "በቃ፣ ጨርሻለሁ" ብሎናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ሲወርድበት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ቀርቶ እኛም እየተንሸራተትን ነው የምንወርደው።

ብር አልቆብኝ ነው ይላል። እሺ ይለቅ፣ የባሕር ዛፍ አጣና በሚስማር መምታት ስንት ያስወጣል? ብቻ እንጨቱ በቁም ይመታ። አግድም ከሆነ ልጅ እንደ መሰላል ይወጣበታል። ክፍተቱም ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሕፃን ይሾልካል። አልጋና ወንበርም ከመስኮት ሥር ይነሳ፤ ይሄ እንኳ የእኛ የወላጆች ሥራ ነው።

በዓለም ላይ በአደጋ ከሚደርስ ሞት መውደቅ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ኒውዮርክ ልጆች ከመስኮት እየወደቁ ሲያስቸግራት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት አከራዩ የመስኮት ብረት እንዲያስገባ አስገደደች፤ አደጋውም በጣም ቀነሰ። ምክር ብቻውን አከራይን አያንቀሳቅስም።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከገጠር ለቀን ሥራ የሚመጡት ጎረምሶችስ? አጣና ላይ በነጠላ ጫማ ቆመው ሲሚንቶ ይቀባበላሉ። ቀበቶ የለ፣ ሄልሜት የለ።

ልጅ ከወደቀ በኋላም ሌላ ጣጣ አለ። ወጌሻን አልጠላም፣ ግን የተሰበረ እጅ በሸምበቆ ጥፍር ተደርጎ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስሩ ወዲያው ይላላና ልጁ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ በዚህ የተነሳ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰውን ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለውን ደግሞ "ደንግጦ ነው፣ ይተኛ" ማለት የለም። በቶሎ ይወሰድ።

እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፣ በር ይከፈትላችኋል። መደገፊያ የሌለው ፎቅ ሲከራይ የሚያየው የትኛው ቢሮ እንደሆነ፣ መጥቶ ካየስ አከራዩን ምን እንደሚያደርገው ጠይቁልንና መልሱን አትሙት።

አንድ ተከራይ፣ ከደብረ ብርሃን