ከቆርቆሮው ይልቅ ዳርዳሩን ቁጠሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን ፕሮፎርማ አየሁት። ቆርቆሮው በደንብ ተቆጥሯል፤ «አሸንዳና ፍላሺንግ፣ በጥቅል» በሚለው ላይ ግን እንዳትፈርሚ። ፍላሺንግ የሚሉት ዳሩንና መጋጠሚያውን የሚሸፍነውን የታጠፈ ላሜራ ነው። ጣሪያ የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዳሩና ከመጋጠሚያው ነው፤ ያንን መስመር በቁራጭ ቆጥረሽ አስጽፊው።

ቤቱ 10 በ8 ሜትር ነው። ጣሪያው በዙሪያው 60 ሳንቲም ስለሚወጣ 11.2 በ9.2 ይሆናል። ስለዚህ የላይኛው ጫፍ 11.2 ሜትር፣ አሸንዳውም በግራና በቀኝ እንደዚያው። የጎኑን ዳር በፕላኑ አግድም ልክ እንዳታሰይው፦ የወርዱ ግማሽ 4.6፣ ከፍታው 1.5 ስለሆነ ተዳፋቱ 4.84 ሜትር ይመጣል።

ዝርግ ላሜራ 2 ሜትር በ1 ሜትር ነው፤ ሲገጣጠም 15 ሳንቲም ይደራረባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሜትሩን ሁሉ ደምሮ ሲያካፍል ነው። አራቱ የጎን ዳሮች ተደምረው 19.36 ሜትር ናቸው፤ ለ1.85 ብታካፍይው 11 ቁራጭ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። በአንዱ ዳር ሁለት ቁራጭ የሚሸፍነው 3.85 ነው፤ ለቀሪው ከነድርቡ 1.14 ሜትር ይቆረጣል፣ የተረፈው 86 ሳንቲም ደግሞ ለሌላኛው ዳር ያጥራል። በየዳሩ ሦስት፣ በጠቅላላው 12 ያዢ። የበረንዳው ጣሪያ ከግድግዳው የሚገናኝበት 4 ሜትርም ሁለት ቁራጭ ይመስላል፤ ድርቡ 15 ሳንቲም ስለሚበላው ሦስት ነው። ለሪጅ ካፑ፣ የጣሪያውን የላይኛ ጫፍ ለሚከድነው ማለት ነው፣ ስድስት ቁራጭ 11.25 ሜትር ይሸፍናል፤ 5 ሳንቲም ብቻ ስለሚተርፍ አንድ ቁራጭ ከተበላሸ ሥራው ይቆማል። አሸንዳው በየጎኑ ስድስት፣ 12 ነው።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ፣ ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነውና። አሸንዳው ተዘርግቶ 66 ሳንቲም፣ የጎን ዳሩና የግድግዳው ፍላሺንግ 33፣ ሪጅ ካፑ 50 ይሁን። ከአንድ ላሜራ 66 ሲወጣ 34 ይቀራል፤ የጎን ዳሩ ከዚያው ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ 12 ላሜራ አሸንዳውንም የጎኑን ዳርም ይጨርሳል። ለሪጅ ካፕ 3፣ ለግድግዳው 1፣ ለአሸንዳው ጫፍ መዝጊያና ለማፍሰሻው አፍ 1፤ ድምሩ 17። ላሜራ አጣፊው አሸንዳውንና ዳሩን ለየብቻ ካሰበ ለዳሩ አራት ላሜራ ይጨምርብሻል፣ ትራፊውም እሱ ዘንድ ይቀራል።

ጌጁን፣ የላሜራውን የውፍረት ቁጥር ማለቴ ነው፣ አስጽፊ፤ 28 በይ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ላሜራው ይሳሳል፣ ስለዚህ 32 ሲሉሽ የተሻለ እንዳይመስልሽ።

የአሸንዳ መያዣ ብረት በየ80 ሳንቲሙ ብትይ በየጎኑ 15፣ ሁለቱ 30 ነው። ዳውን ፓይፕ (ውሃውን ከአሸንዳው ወደ መሬት የሚያወርደው ቱቦ) በሁለቱም ጫፍ ይውረድና አሸንዳው ከመሃል ወደ ጫፍ 3 ሳንቲም ያህል ይዝቀጥ፤ የክረምት ዝናብ ባንድ ጊዜ ነው የሚወርደው። ሲደራረብ የላይኛው ቁራጭ ከታችኛው ውስጥ ይግባ፣ ካልሆነ ውሃው በስፌቱ ይገባል። በየጎኑ አምስት፣ በጠቅላላው አሥር መጋጠሚያ አለ፤ ለእያንዳንዱ 12 ሪቬት (ላሜራው የሚሰፋበት ማያያዣ) ብትይ 120 ነው። ሲሊከኑ ከመሰፋቱ በፊት በድርቡ መሃል ይቀባ። ከተሰፋ በኋላ ከላይ የሚለጠፈውን ፀሐዩ ይልጠዋል። ለሪጅ ካፑ 100 ምስማር ከነጎማው ያዢ፤ ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ፣ በቦዩ ውስጥ እንዳይሆን።

የግድግዳው ፍላሺንግ ልስኑ ላይ ዝም ብሎ እንዳይለጠፍ። ግድግዳው በ3 ሳንቲም ጥልቀት ተቦርቡሮ ጠርዙ ይግባ፣ ቢያንስ 15 ሳንቲም ወደ ላይ ይውጣ፣ ስንጥቁም በሲሊከን ይደፈን። በሲሚንቶ ከተደፈነ ላሜራው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይሰነጥቀዋል። ይህን ሥራ ልስን ከማለቁ በፊት አስጨርሺው፤ ልሳኙ ቀድሞ ከገባ ቡርቦራው ሁለተኛ ልስን ያስከፍልሻል።

አባትሽ