ካፒቴን አይደለሁም

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

አቦ ወንድሜ፣ እንደምነህ?

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ አውቃለሁ። ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» እያልን ግማሽ ገጽ እንጨርስ ነበር። ስድስት ዓመት የጠፋ ሰው ግን ስለ ናፍቆት ግማሽ ገጽ ቢጽፍ ያስጠላል። በቀጥታ ልግባ።

ድሬ ነኝ። ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እማዬ ጉልበቷን እያመማት ብቻዋን መሆን ስላልቻለች ጠቅልዬ ነው የመጣሁት። ካሊፎርኒያ እያለሁ «እዚህ ሲነጋ እዚያ ይመሻል» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። አሁን ግን አንተ ሐረር፣ እኔ ድሬ። መሃላችን ያለው የደንገጎ ዳገትና ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ሰበብ አለቀብኝ። ስልክህም አለኝ፣ ግን ብደውል በቀልድ አድበስብሼ እንደምዘጋው ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ማድበስበስ ሥራዬ ሆኖ ነበር፣ ቆይ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ካፒቴን አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሥራ እንዳገኘሁ እማዬ ደወለች። «ምን ሥራ ነው?» «ጀልባ ላይ ነው» አልኳት። ይሄ እውነት ነው። «አንተ ነህ የምትነዳው?» «አዎ» አልኳት። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። እሷ ለጎረቤት ስትነግር ጀልባው መርከብ ሆነ። ወሬው ቀፊራ ሲደርስ መርከቡ ነዳጅ ጫነ። ሐረር ሲደርስማ ጅቡቲ ወደብ ሊቆም ነው ተብሎ ነበር አሉ። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ካፒቴን ነው የሚለኝ። ታይዋን ገበያ ጫማ ብጠይቅ ዋጋው የሚነገረኝ እንደ ባለ መርከብ ነው።

ከዚያ ያቺን መልእክት ላክህልኝ። «ወንድምህን አትርሳ፣ መርከቡ ላይ ወለል መጥረግም ቢሆን እሠራለሁ» ያልከውን። ሃምሳ ጊዜ አንብቤያታለሁ። ምን ልበልህ? መርከቡ መጫወቻ ነው ልበልህ? ሼም ያዘኝ። ነገ እመልሳለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ መልስ መስጠቱ ከመጥፋቱ የባሰ አሳፋሪ ሆኖ ታየኝ። ይሄው ነው። ተቀይሜህ አይደለም፣ ሀብታምም ሆኜ አይደለም።

ሥራው ምን መሰለህ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ መዝናኛ ፓርክ አለ፣ ውስጡ ሰው ሠራሽ ወንዝ አለ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ጀልባ ላይ ይጫናል። እኔ ካኪ ለብሼ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ማይክ ይዤ ከፊት እቆማለሁ። ስምንት ደቂቃ ያህል እንዞራለን፣ በየመታጠፊያው የላስቲክ ጉማሬ ብቅ ይላል፣ የላስቲክ ዝሆን ውሃ ይረጫል፣ እኔ ደግሞ እቀልዳለሁ። በቃ። እነዚያ ይወርዳሉ፣ ሌላ ሠላሳ ሰው ይገባል፣ ያው ጉማሬ ብቅ ይላል።

ጀልባው መሪ አለው። ትልቅ፣ የሚያምር የእንጨት መሪ። የትም አያዞርም። ከውሃው ሥር ሐዲድ አለ፣ ጀልባው እሱን ይዞ ነው የሚሄደው። ሐዲዱ እንዳይታይ ውሃውን በቀለም አደፍርሰውታል። የእኔ ድርሻ ማስኬድና ማቆም፣ ሲያስፈልግ ትንሽ ወደኋላ ማለት ነው። መሪውን የማዞረው ለዓይን ነው። እሱም መሪ፣ እኔም መሪ፣ ሁለታችንም የትም አንመራም። የመጀመሪያ ቀን አሠልጣኙ ይሄን ሲያሳየን ሌሎቹ ሳቁ፣ እኔ አባዬን አሰብኩ። ዕድሜውን ሙሉ ሽማንደፈር ላይ የሠራ ሰው ልጅ፣ ውቅያኖስ አቋርጬ ሄጄ፣ ተመልሼ ሐዲድ ላይ! ነፍሱን ይማረውና ቢኖር ኖሮ «ኮማን? ባቡሩን ውሃ ውስጥ ከተቱት?» ይል ነበር። ለነገሩ ድሬን ራሷን የወለዳት ሐዲድ ነው። ባቡሩ በፈረንጅ 1902 እዚህ ባይደርስ ከዚራ የሚባል ሰፈርም ባልኖረ። ስለዚህ አትፍረድብኝ፣ የዘር ሥራ ነው።

የዚህ ነገር እናት ዲዝኒላንድ ያለው የጫካ ጀልባ ጉዞ ነው። (የእኛ ፓርክ ኩረጃ ነው፣ ደግሞ ጥሩ ኩረጃም አይደለም።) ዲዝኒላንድ በፈረንጅ ሐምሌ 1955 ሲከፈት ጀምሮ አለ፣ በእኛ 1947 መሆኑ ነው። ዋልት ዲዝኒ መጀመሪያ ወንዙ ዳር እውነተኛ እንስሳት ማስቀመጥ ፈልጎ ነበር አሉ። የሚያውቁ ሰዎች ግን «እንስሳ ቀን ቀን ይተኛል፣ ይደበቃል፣ ሰው ከፍሎ ገብቶ ቁጥቋጦ ነው የሚያየው» አሉትና በሞተር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ሆኖ ቀረ። ይሄን ስሰማ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ሰውዬው ሐረር መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ማታ ከግንቡ ውጭ አንድ ሰው ቅርጫት ሥጋ ይዞ ቁጭ ብሎ ጅቦቹን በየስማቸው ሲጠራቸውና እነሱም ከጨለማው እየተግተለተሉ ሲመጡ ቢያይ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ወጪ ባላወጣ።

ቀልዱም በኋላ የመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ጀልባ ነጂው ቁም ነገር ነበር የሚያወራው፣ እንደ ዶክመንተሪ። በፈረንጅ 1962 ማርክ ዴቪስ የሚባል የካርቱን ባለሙያ የነደፋቸው ገላቸውን የሚታጠቡ ዝሆኖች ገቡ። ወሬው እያደር ወደ ፌዝ የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። ኬቪን ኮስትነር እንኳ ተዋናይ ከመሆኑ በፊት እዚያ ጀልባ ላይ ሠርቷል። አሠልጣኛችን ይሄን በየሳምንቱ ይነግረን ነበር። ደሞዝ ጨምሩልን እንዳንል መሰለኝ።

ስለ ዝሆኖቹ አንድ ቀልድ አለች፣ የሥራው አንጋፋ ቀልድ። በእንግሊዝኛ የዝሆን ኩምቢም፣ የዋና ቁምጣም፣ የልብስ ሳጥንም ትራንክ ነው የሚባለው። ዝሆኖቹ ጋ ስትደርስ «አይፈሩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ሁሉም ትራንካቸውን ለብሰዋል» ትላለህ። እኔ የማውቀው ትራንክ ሳጥኑን ብቻ ነው። ዝሆን ሳጥን ለብሶ ምኑ ያስቃል? ሳይገባኝ ሁለት ወር ተናገርኩት። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ድንገት ገባኝና ብቻዬን በሳቅ ፍርፍር አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ተነስታ ቦታ ቀየረች። እኛ ሰምና ወርቅ እንላለን አይደል? የእነሱ ሰም በሰም ነው።

ግን ደረቅ መሆኑ ነው ሥራው፣ ይሄ እስኪገባኝ ተሠቃይቻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በርጫ ላይ እንደምናወራው እኔው እየሳቅሁ ነበር የምናገረው። ማንም አይስቅም። አንድ የቆየ ልጅ ጠርቶኝ «አንተ አትሳቅ፣ ቀልድ መሆኑንም እንደማታውቅ ሁን፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ንገራቸው» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ሰዎቹ አሁንም አይስቁም፣ ያቃስታሉ። «ኡፍፍፍ» ይላሉ። ለካ ጭብጨባው ማቃሰቱ ነው። ካቃሰቱልህ በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝም ትልና «ገና ስድስት ደቂቃ ይቀረናል፣ መውረጃ የለም» ትላለህ፣ ያኔ ጀልባው ይፈነዳል። ዓመታዊ ትኬት ያላቸው ደግሞ አሉ፣ ቀልዱን በቃላቸው የያዙ። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን እየመጡ ፊት ለፊቴ ይቀመጡና ከንፈራቸውን ከእኔ ጋር ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ቃል ከዘለልኩ ጣታቸውን ያነሱብኛል። እንደ ቄስ ትምህርት ቤት!

ምንም የማይተነፍስ ጀልባም አለ። «ሬሳ ጫንኩ» እንባባላለን እረፍት ላይ። በቀን ከሃያ ጊዜ በላይ ነው የምትዞረው፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ ጉማሬው ራሱ የታከተው ይመስልሃል። ማታ ቤት ስገባ አፌን መክፈት አልፈልግም። እማዬ ስትደውል «አዎ፣ እሺ፣ ደህና» ብቻ። ወሬዬን ቀን ሸጬ ጨርሼ ነው የምገባው። ይሄንንም ለመጥፋቴ ምክንያት አድርጌ ላቀርብልህ አስቤ ነበር፣ ግን እውነቱን ከላይ ነግሬሃለሁ።

ወንዙ ደግሞ አፍሪካ ነው ተብሏል፣ የትኛው አፍሪካ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እኔን ሲያዩ «እውነት ከአፍሪካ ነህ?» ይሉኛል። «አዎ፣ ዝሆኖቹን በትክክል ማስቀመጣችሁን ላረጋግጥ ነው የተላክሁት» እላለሁ። ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም፣ የራሴ ነው። መጀመሪያ ላይ ጦር የያዙ፣ ቅጠል ያገለደሙ የላስቲክ ሰዎችም ነበሩ። እነሱ ጋ ስንደርስ ተሳፋሪው አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። «አጎቴ ነው፣ ግን እሱ የባቡር ሹም ነው፣ ከረባት ሳያደርግ አይወጣም» እያልኩ አልፋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን እዚያች መታጠፊያ ላይ ሆዴ ቁርጥ ይል ነበር። ዲዝኒላንድ እንዲህ ያሉትን አሻንጉሊቶች በፈረንጅ 2021 አነሳ፣ ከዚያ የእኛዎቹም ተነሱ። ግን አንተም ብዙ አትሳቅብኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ያልኖረበትን ቤት «የራምቦ ቤት» ብለህ ፈረንጅ የምታስገባ አስጎብኚ ነህ። ቤቱን የሠራው የሕንድ ነጋዴ መሆኑን የነገርከኝ አንተው ነህ።

ፏፏቴም አለ። ጀልባው ከኋላው ያልፍና፣ የዓለም ስምንተኛው ድንቅ ነገር እንደሆነ አድርገህ «እነሆ፣ የውሃው ጀርባ!» ትላለህ። ይሄም ከዲዝኒላንድ የተወሰደ ነው፣ እዚያ በጣም የታወቀ ቀልድ ነው። ባለፈው እዚህ ሻይ ቤት ላወራቸው ብዬ «ውሃ ጀርባ እንዳለው ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። ባዶ ጀሪካን አጠገቡ ያስቀመጠ አንዱ ዘወር ብሎ «ፊቱንስ መች አየነው?» አለኝ። ሦስት ዓመት ማይክ ይዤ እንደዚያ ያለ ሳቅ አላመጣሁም።

አንድ ነገር ግን ለማንም ያልነገርኩት አለ። ጽሑፉ ላይ፣ ሁለተኛው ድልድይ ሥር ስትደርስ የምትባል ነገር ነበረች። ድንገት ፊትህን ታጨልምና «ውጡ! ውጡ! ውሃ መጣ!» ብለህ ትጮሃለህ። ሰዉ ክው ይላል። ከዚያ ከላይ ካለ ቱቦ ትንሽ ውሃ ፊጭ ይልባቸዋል። ልጆች በጣም ነው የሚወዷት። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላልኳትም። አለቃዬ ጠርቶ ጠየቀኝ፣ «ረሳኋት» አልኩት። ሁለተኛ ጠራኝ፣ አሁንም ረሳኋት። በመጨረሻ ያቺን ቦታ በዝምታ እንዳልፋት ተወልኝ፣ እንግሊዝኛዬ የሚከብደኝ መስሎት ነው።

አንተ ታውቃለህ። የ1998 ሐምሌ መጨረሻ፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በወሰደበት ሌሊት፣ በራችንን እየደበደቡ ልክ እነዚያን ቃላት የጮኹት አባትህ ናቸው። እኛ ወጣን። እሳቸው ወደ ታች ወረዱ።

የዚያ ሰው ልጅ ነው ሥራ ፈልግልኝ ብሎ ጽፎልኝ ዝም ያልኩት። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ይሄን ለማለት ነው እስከዚህ ድረስ ዝሆንና ጉማሬ ያስቆጠርኩህ።

ትናንት በደቻቱ በኩል አለፍኩ። ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ቆሜ ብዙ አየሁት።

ቅዳሜ ልመጣ ነው። እንግዶች ካሉህ ሥራህን አታቋርጥ፣ ከኋላ ቆሜ እሰማሃለሁ። መኪና ግርግር ላይ ስለ ልብስ ሰፊዎቹ የምትቀልዳት ቀልድ አሁንም ካለች አንተ አትሳቅባት፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ንገራቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሆጃ እየጠጣን ያልተጻፈውን ትነግረኛለህ። ልትሰድበኝም ትችላለህ፣ ጊዜ አለኝ።

እማዬን ካገኘሃት መርከቡ እንዴት ነው ብላ መጠየቋ አይቀርም። እሷን ገና አልነገርኳትም። ደህና ነው በላት።

ሚኒባሱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል ብለውኛል። አወዳይ ስደርስ እደውላለሁ። ካላነሳህም ይገባኛል፣ ሸዋ በር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

የድሬው ወንድምህ